ሳተላይቱ አያይዎትም

ዛሬ ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ «ሎኬሽን ላክልኝ» ሲባባል ስሰማ ፈገግ እላለሁ፤ የደስታ ፈገግታ ግን አይደለም። ሳተላይት በተነሣ ቁጥር እኔ የሚመጣብኝ ሰማዩ ሳይሆን አንድ ሰው ነው። ስሙን ጌታነህ ልበለው። እውነተኛ ስሙን ብጽፈው እናቴ ትቆጣኛለች፤ «የሰው ስም አታጉድፍ» ባይ ናት። እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይኸው ይህን ያህል ዓመት አልፎም አልበረደልኝም።

ዘመኑ የኢሕአዴግ ነው፤ ለገበሬው ካርታ ያለው የመሬት ደብተር ይሰጠው የተባለበት ሰሞን። እኔና ጌታነህ በመሬት አስተዳደር ዲፕሎማችንን ይዘን አንድ ወረዳ ተመደብን፤ የወረዳውን ስም ተዉት። ፍኖተ ሰላም ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር። እሱ የአዴት ልጅ ነው፤ እናትና አባቱ በሕፃንነቱ ሞተውበታል። የኔ እናት ደግሞ ከቡሬ አስፋልት ወደ ውስጥ ገባ ባለች ቀበሌ፣ አባቴ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን እያረሰችና እያሳረሰች የምትኖር ሴት ናት። መጀመሪያ ቤቷ የወሰድኩት ዕለት እግሩን ካላጠብኩ ብላ ስትታገለው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ ወዲያ «እማዬ» ነው የሚላት። እሷም ጎረቤት ሲጠይቃት «ሁለተኛው ልጄ ነው» ትል ነበር። እንዲያውም አንዳንዴ የኔን ድርሻ ቅቤ ለሱ ስታፈስለት እያየሁ «እኔ እንግዳ ነኝ እንዴ?» ብዬ እቀልድባታለሁ።

ለመሬት ልኬታው የምንይዘው መሣሪያ ጂፒኤስ የሚባለው ነው፤ መዳፍ የምትሞላ ዕቃ። ገበሬው «ሬዲዮዋ» ይላታል። «ይቺ ሬዲዮ ዜና አትናገርም እንዴ?» እያሉ ያሾፉብናል። ይቺ ዕቃ ሰማይ ላይ ከሚዞሩት ሳተላይቶች ቢያንስ አራቱን ካላገኘች የቆመችበትን አታውቅም። ገላጣ ማሳ ላይ ደኅና ናት። ዛፍ ሥርና ገደል ጥግ ስትገባ ግን ትዘባርቃለች፤ ከወንዙ ወዲህ ቆመህ ወንዝ ማዶ ነህ ትልሃለች። እንዲህ ስታደርግ ኪሳችን እንከታትና ወደ ድሮው ዘዴ እንመለሳለን፤ ወደ ኮምፓስና ሜትር። ገላጣው ላይ በደንብ ከተያዘ ነጥብ ተነሥተን አቅጣጫውን በኮምፓስ እናነባለን፣ ርቀቱን በሜትር እንስባለን። በዚህ ዘዴ ሳተላይት ኖረ አልኖረ ግድ የለም። የሚያስፈልገው የሜትሩን ጫፍ ይዞ ድንበሩ ላይ የሚቆም አንድ ሰው ብቻ ነው። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ።

የእናቴ መሬት ከጎረቤታችን ከአያ ፈንቴ መሬት ጋር የሚዋሰነው በብሳና ዛፎች ረድፍ ነው። ብሳናዎቹ ከሜዳው ተነሥተው ቁልቁል እስከ ወንዙ ይወርዳሉ። ከታች፣ ወንዙ ዳር፣ የእናቴ ትንሽ ቁራሽ መሬት አለች። ክረምት በርበሬ፣ በጋ በመስኖ ሽንኩርት ታወጣባታለች። ላይኛው ማሳ የዓመት እህል ቢሰጠን ነው፤ እኔን አስተምራ ለወግ ያበቃችኝ ያቺ የወንዝ ዳር ቁራሽ ናት። በአገራችን መሬት ብዙ ነው፤ በበጋ ውኃ የሚጠጣ መሬት ግን ስንት አለ?

ጌታነህ የአያ ፈንቴን ልጅ፣ ማስተዋልን፣ የወደዳት እኛ ቤት ሲመላለስ ነው። ነገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ለአያ ፈንቴ ያነሣችለት ደግሞ ማን መሰላችሁ? እናቴ። «ልጁ ወላጅ የለውም ብላችሁ እንዳትንቁት፤ እኔ አለሁለት» ብላ ለመነችለት። ሽማግሌ ተላከ፣ እሺ ተባለ፣ ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። አንደኛ ሚዜው እኔ ነኝ።

ልኬታው የእኛ ቀበሌ ሲደርስ እኔ አልሄድኩም። የዘመድ መሬት መለካት ክልክል ነው፤ አጠገቡ መቆምም ያስነቅፋል። ጌታነህ ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ «የእማዬን መሬት ለሌላ ሰው አሳልፌ አልሰጥም። እኔ ራሴ ነኝ የምለካው» አለኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ አቀፍኩት። አቀፍኩት እኮ ነው የምላችሁ!

ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ካርታዎቹ በቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ለሕዝብ ታዩ። ቅሬታ ያለው አቤት የሚልበት ጊዜ በማግስቱ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ደብተሩ ይታተማል፣ ከታተመ ደግሞ ያለ ፍርድ ቤት አይነቃነቅም። ካርታውን ለገበሬው እንዳስረዳ እኔ ተላክሁ። ጌታነህም ነበር፤ ጥግ ላይ ተቀምጦ ከአያ ፈንቴ ጋር ያወራል።

እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ መጣችና፣ «የኔን አሳየኝ» አለች።

ጣቴን ካርታው ላይ አኖርኩላት። «ይኼውልሽ፣ ይኼ ቤታችን፣ ይኼ ላይኛው ማሳ።»

«ወንዙስ?»

«ወንዙ ይኼ ነው።»

«እኔ ታዲያ ወንዙ ጋ አልደርስም?»

መስመሩን በጣቴ ተከተልኩት። የእናቴ መስመር ቁልቁል እየወረደ ሄዶ ሄዶ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ወንዝ ዳር ያለችው ቁራሽ፣ ሽንኩርት የበቀለባት መሬት፣ በአያ ፈንቴ የማሳ ቁጥር ሥር ተሠምራለች።

ሰው ተሰበሰበ። አንዱ «ወይ ጉድ!» አለ፤ ሌላው «አማች ሲመጣ መሬትም ይመጣል» ብሎ ሳቀ። ደሜ ፈላ። በጓደኛዬ ላይ እንዲህ ያለ አሽሙር ሲሰነዘር እንዴት ዝም እላለሁ? ወንበር ላይ ወጣሁና ሕዝቡን አስተማርኩት። ሳተላይት ምን እንደሆነ፣ ዛፍ እንዴት እንደሚጋርደው፣ መሣሪያዋ በጥላ ሥር እንዴት እንደምትስት አንድ በአንድ አስረዳሁ። «ጌታነህ አይደለም የሳተው፣ ሰማዩ ነው!» አልኩ። ቸኩሎ ሜትር መሳቡን ትቶ በመሣሪያዋ ብቻ የያዘው መስሎኝ ነበር። በጥሩ አንደበት ነበር ያስረዳሁት፤ የሳቀው ሰው ራሱ አንገቱን ነቀነቀ። ጌታነህ መሬት መሬት ያይ ነበር። አፍሮ መስሎኝ አዘንኩለት።

አያ ፈንቴ ብድግ አለና፣ «ሰው የሰጠኝ ቢሆን ሰው ይቀበለኝ ነበር። ሳተላይት የሰጠኝን ማን ይወስድብኛል?» አለ። ከዚያ ወጥቶ ሄደ። ለአጥር የሚሆን እንጨት ደጁ ላይ መቆለሉን የሰማሁት ያኔ ነው።

ጌታነህን ውጭ ይዤው፣ «አይዞህ፣ ስሕተቱን ነገ ጠዋት እናርመዋለን። አንተው አመልክት፣ ይቀላል» አልኩት።

«ከሠርጉ በኋላ ቢሆን ምናለ? አሁን አማቼን አታስቀይምብኝ።»

«ነገ እኮ ጊዜው ያበቃል ጌታነህ!»

«ሳተላይቱ ነዋ፣ እኔ ምን ላድርግ?» አለና ወደ ቡሬ የሚሄድ መኪና አለ ብሎ ተቻኩሎ ሄደ።

ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ከእናቴ ጋር ወደ ድንበሩ ወረድን። ለቅሬታው ማስረጃ ይሆነኛል ብዬ ከካርታው ላይ አቅጣጫና ርቀት መዳፌ ላይ ገልብጬ ነበር። ሐሳቤ ስሕተቱ ምን ያህል እንደሆነ ማየት ነው። የሳተላይት ስሕተት ጠባይ አለው፤ አንዱን ነጥብ ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ፣ እንደ ሰከረ ሰው ነው የሚጥለው። ካርታው ላይ ያሉት ግን ሁሉም ወደ አንድ ወገን፣ ወደ እኛ ወገን ገብተው፣ ተሰልፈው ተቀምጠዋል። «እንዴ?» አልኩ ለራሴ። ግን አሁንም ክፉ አላሰብኩም። የምወደውን ሰው ለመጠርጠር ቶሎ የሚመጣልኝ ልብ የለኝም፤ እንዲህ ነኝ።

«እማዬ፣ ይቺን የሜትር ጫፍ ያዢልኝና የመጀመሪያው ብሳና ጋ ቁሚ» አልኳት።

ያዘች። እየተራመደች ዛፉ ጋ ደረሰች። ከዚያ ማንም ሳያዛት ከዛፉ ራቅ ብላ ወደ ራሷ ማሳ ገባች፣ ሜትሩንም አጥብቃ ያዘች።

«ወዴት ነው? ዛፉ ጋ እኮ ነው ያልኩሽ!»

«ታዲያ ሳተላይቱ አያየኝማ!» አለችኝ፣ እንደ ጅል እያየችኝ።

«ማን አለሽ?»

«ጌታነህ ነዋ! የሜትሩን ጫፍ ይዤ በየዛፉ ሥር ስቆምለት ‹እማዬ፣ ከጥላው ወጣ ይበሉ፣ ሳተላይቱ አያይዎትም› ይለኛል። እኔም ወጣ እልለታለሁ። ታች ወንዙ ጋ ስንደርስማ ጥላው ሰፊ ነው ብሎ ሽንኩርቱን ሁሉ አሻግሮ ነው ያቆመኝ። ‹ይበርቱ እማዬ› እያለኝ። ፀሐዩ አናቴን ሲበላኝ ዋለ።»

እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ሜትርና ኮምፓስ ሳተላይት አያውቅም! በሜትር ለሚለካ ሰው እናቴ ዛፉን አቅፋ ብትቆም ምን ይጎድልበት ነበር? ሰማዩ አልሳተም። መሣሪያዋም አልሳተችም፤ ኪሱ ውስጥ ነበረች። እናቴን በገዛ እጇ የሜትሩን ጫፍ አስይዞ፣ በገዛ እግሯ ከገዛ መሬቷ አስወጣት። እኔ ደግሞ ወንበር ላይ ወጥቼ ሳተላይት አስተማርኩለት።

«ምን ሆንክ?» አለችኝ።

ነገርኳት። «ተው፣ ልጁ አያደርገውም። አንተ ተሳስተህ ይሆናል» አለች።

«እማዬ፣ እኔ በዚህ አልሳሳትም።»

«ካልተሳሳትክስ... ለምን? ምን አጎደልኩበት?» አለችና ሜትሩን እጄ ላይ አስቀምጣ ወደ ቤት ሄደች። ስትሄድ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ስታነሣ አየኋት።

በማግስቱ ጠዋት ቡሬ ወረድኩ። ጌታነህ የሠርግ ልብሱን የሚያሰፋበትን ልብስ ሰፊ አውቃለሁ፤ የኔም ሱፍ እዚያው ነው። ገብቼ ሳገኘው እጁን ዘርግቶ ቆሟል፤ ልብስ ሰፊው እጅጌውን በስፒል እየያዘለት ነው። ሲያየኝ ሳቀ።

«ሚዜዬ መጣ! ልብሳችን እንዴት ነው?»

«እናቴን ከዛፉ ያራቅካት ለምንድን ነው?»

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። «ሳተላይቱ...»

«ጌታነህ፣ ለኔ ነው እንዴ የምታወራው? በሜትር ነው የለካኸው!»

ልብስ ሰፊው ነገሩ አላማረውም መሰለኝ፣ ክር ልግዛ ብሎ ወጣ። ጌታነህ ስፒሉ በየቦታው የተሰካበትን ኮት እንደ ለበሰ ቁጭ አለ።

«አያ ፈንቴ ለማስተዋል የትዳር መቋቋሚያ፣ ማጫ ብሎ የሚሰጠው ውኃ ገብ መሬት የለውም» አለ ቀስ ብሎ። «‹ያቺ የወንዝ ዳር ብትኖረኝ ለናንተ እሰጣችሁ ነበር› አለኝ። ‹አንተ እኮ ለኪው ነህ› አለኝ። መጀመሪያ እንደ ቀልድ ነበር። በኋላ ግን ሠርጉን ላራዝም ነው አለ። ምን ላድርግ? እሷን ላጣት ነው?»

«እና የእናቴን ጉሮሮ ዘጋህ?»

«አንተ ደመወዝ አለህ፣ ትጦራታለህ። እኔ ማን አለኝ? ቅሬታ አታስገባ፣ በማርያም! ሥራዬም ሠርጌም ነው የሚጠፋው። ወንድሜ አይደለህ?»

«ነበርኩ» አልኩት። ከዚያ በላይ ብናገር እጄን የማነሣ ስለመሰለኝ ወጣሁ። ሱፉ እዚያው ቀረ፤ እስካሁን አልወሰድኩትም።

ከሰዓት በኋላ ቅሬታችን ለቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ቀረበ። ሰብሳቢው ቄስ ሞላ ናቸው፤ ነገር የማያበዙ ሽማግሌ። ሕዝቡ ድንበሩ ላይ ተሰበሰበ። ጌታነህም መጣ፤ ራቅ ብሎ ቆመ። ትናንት በተናገርኩበት አንደበት ዛሬ «የነገርኳችሁ ሁሉ ለዚህ ድንበር አይሠራም፤ ይኼ በሳተላይት አልተለካም» ብዬ መናገር ነበረብኝ። የሰው ዓይን ከላይ እስከ ታች ሲመዝነኝ ተሰማኝ። አንዷ ሴትዮ «ትናንት ሰማዩ ነው፣ ዛሬ ሰው ነው፤ ነገ ደግሞ ማን ይሆን?» ስትል ሁሉም ሰማ።

አያ ፈንቴ ግን በዚያው በቃሉ ጸና። «እኔ አልለካሁ፣ አላስለካሁ። የሳተላይቱን ሳተላይቱን ጠይቁት።»

ቄስ ሞላ፣ «ደግ ብለዋል አያ ፈንቴ» አሉ። «ሳተላይቱን የምንጠይቅበት ደብዳቤ የለንም። አባቶቻችን ድንበር የሚለኩት ግን እንዴት ነበር?»

ሁላችንም እናውቃለን። ሁለቱ አዋሳኞች በድንበሩ ዛፍ ላይ እጃቸውን ያኖራሉ፤ ሽማግሌው «ድንበር የገፋ ርጉም ይሁን» ይላል፤ ሁለቱም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አሜን» ይላሉ። ከዚያ ጎን ለጎን ድንበሩን ይራመዱታል፤ የረገጡት ድንበር ይሆናል። መሣሪያዋ ከመጣች ወዲህ ይኼ ቀርቶ ነበር። «ሳተላይት እያለ መሐላ ምን ይሠራል» ያልነው እኛው፣ ባለሙያዎቹ ነን። መሣሪያዋ አፍ የላትም፣ አሜን አትልም፤ ለነአያ ፈንቴ የተመቻቸውም ይኸው ነው።

እናቴ ቀረብ ብላ ብሳናው ላይ እጇን አኖረች። አያ ፈንቴ ካለበት አልተነቃነቀም። ሰው ሁሉ ጠበቀው። ሁለት እርምጃ መጣ፣ እጁን አነሣ፣ ዛፉ ጋ ሳይደርስ መልሶ ጋቢው ውስጥ ከተተው።

«ልጅ እየዳርኩ እንዴት እርግማን ላይ አሜን እላለሁ?» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «ድንበሩ ብሳናው ነው። ይኸው፣ ብሳናው ነው። ተዉኝ በቃ።»

ኮሚቴው ቃሉን መዘገበ፤ ኋላም ሌላ ባለሙያ መጥቶ በብሳናዎቹ ልክ ለካው። የእናቴ ሽንኩርት ለእናቴ ቀረ። ጌታነህ በእናቴ ፊት ማለፍ ነበረበት፤ ሲያልፍ «እማዬ» ብሎ ጀመረ። እሷ ዞር ብላ እንኳን አላየችውም።

በማግስቱ ፍኖተ ሰላም ካለችው ክፍላችን ዕቃውን ሊወስድ መጣ። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ሲሸክፍ አየዋለሁ። በሩ ላይ ሲደርስ ግን አላስቻለኝም።

«አንድ ነገር ንገረኝ። አያ ፈንቴ በሌላ ወገን ሌላ አዋሳኝ አለው፤ ወንዙም በዚያ በኩል ያልፋል። ከሰው ሁሉ እናቴን ለምን መረጥክ?»

ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ። ሊዋሸኝ የፈለገ አይመስልም ነበር። «ሌላው ቢሆን ይከሰኛል» አለኝ። «እሷ ግን ልጇ አንተ ነህ። ሰው ቢጮህ እንኳ አንተ ሳተላይቱ ነው ብለህ ታስረዳልኛለህ ብዬ ነው።»

እንዲህ አለኝና ሄደ። ሠርጉ ተደረገ፤ በሌላ ሚዜ። እሱም ብዙ ሳይቆይ ወደ ሌላ ዞን ተዛወረ፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም፣ ላየውም አልፈልግም። «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» የሚሉት ተረት ለኔ ተረት አይደለም።

እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች፣ ይህን የምነግራችሁ መሣሪያውን እንድትጠሉት አይደለም። እኔ ዛሬም በሱ ነው እንጀራ የምበላው፤ ከያኔውም የተሻለ መጥቷል። የቸገረኝ ሌላ ነው። ገንዘብ የሰረቀህ ሰው ገንዘብህን ነው የሚወስደው። ጌታነህ ግን እውቀቴን፣ ወዳጅነቴንና የእናቴን እጅ አንድ ላይ አቀናጅቶ ሠራበት። ከዚያ በኋላ የሥራ ባልደረባ ቤቴ አላስገባም። ሰው ሲያመሰግነኝ ምን ሊያስደርገኝ ፈልጎ ይሆን እላለሁ። እንዲህ ሆኖ መኖር ደስ አይልም፤ ግን ሆኛለሁ።

አንድ ነገር ልጨምርላችሁና ላብቃ፤ ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነው። ነገሩ ካለፈ ከዓመታት በኋላ፣ እናቴና እኔ ያቺው ወንዝ ዳር ሽንኩርት ስንኮተኩት፣ ቀና ሳትል፣ «ያን ዕለት አዳራሹ ውስጥ ወንበር ላይ ወጥተህ ስታስረዳን...» አለችኝ።

«እ?»

«ታውቅ ነበር?»

መኮትኮቻው ከእጄ ወደቀ። «አላውቅም ነበር እማዬ! በአባቴ አፅም፣ አላውቅም ነበር!»

«እሺ» አለችና መኮትኮቷን ቀጠለች። አመነችኝ ወይስ አላመነችኝም፣ እስከ ዛሬ ድረስ አላወቅሁም።